ማታ ለኮንትራክተሩ፣ ቀን ለአማካሪው
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አርማታ ወይም ስለ ፌሮ አይደሉም። ስለ ሰው ናቸው። ማን ለማን ይሠራል፣ ማን ከማን ይቀበላል የሚል ጉዳይ ነው። ስማችንን አትጥቀስ ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ አልጠቅስም። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ ሳይት ላይ የቆየ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ነገር ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኢንጂነር፣ ጤና ይስጥልኝ። የግንባታው ባለቤት (አሠሪው) ሥራውን እንዲቆጣጠር በቀጠረው አማካሪ ድርጅት ውስጥ የሳይት ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነኝ። የኮንትራክተሩ ኦፊስ ኢንጂነር በቅርቡ ሥራ ለቀቀ። ፕሮጀክት ማናጀሩ ‹ሰው እስክናገኝ ማታ ማታ ሾፕ ድሮዊንጉን (ለሥራ የሚወጣውን ዝርዝር ስዕል) እና ቴክ ኦፉን (የሥራ መጠን ስሌቱን) ሥራልን፣ ጥሩ እንከፍልሃለን› አለኝ። ከሥራ ሰዓቴ ውጪ ነው። መጠን አልጨምርም፣ ማንንም አልዋሽም። እንዲያውም ስህተት የሌለበት ሰነድ ስለሚቀርብ የአሠሪውም ጊዜ ይቆጠባል። ችግሩ ምኑ ላይ ነው? በነገራችን ላይ የምነዳው መኪናም በኮንትራክተሩ የቀረበ ነው።»

ወንድሜ፣ እምቢ በል።

ሐቀኛ መሆንህን አልጠራጠርም። ግን ማታ የሠራኸውን ስዕል ጠዋት የሚያየው ማን ነው? አንተው ነህ። ኮንትራክተሩ ቴክ ኦፉን ፈርሞ ሲያመጣው ቀይ እስክሪብቶ ይዘህ የምትቀመጠውም አንተ ነህ። ሰው የራሱን ስሌት ሲያርም ስህተቱ አይታየውም። ትናንት ማታ ትክክል የመሰለህ ቁጥር ዛሬ ጠዋትም ትክክል ይመስልሃል። አሠሪው ለሁለት ዓይን ከፍሎ አንድ ዓይን ብቻ አገኘ ማለት ነው።

ሾፕ ድሮዊንግ ላይ ማኅተም ማሳረፍ ቀላል ነገር ከመሰለህ፣ በካንሳስ ሲቲ የነበረውን የሃያት ሪጀንሲ ሆቴል አደጋ አንብብ። በ1981 በሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ተንጠልጥለው የነበሩ የእግረኛ መተላለፊያዎች ወደቁ። 114 ሰዎች ሞቱ። በመጀመሪያው ንድፍ ከላይና ከታች ያሉትን ሁለት መተላለፊያዎች ከጣራው የሚይዛቸው ወጥ የብረት ዘንግ ነበር። ለሥራ እንዲመች ተብሎ ዘንጉ ለሁለት ተከፈለ። የታችኛው መተላለፊያ ከጣራው መንጠልጠሉ ቀርቶ ከላይኛው ላይ ተንጠለጠለ። በዚህ የተነሳ የላይኛው መጋጠሚያ የሚሸከመው ጭነት እጥፍ ሆነ። ለውጡ ሾፕ ድሮዊንጉ ላይ በግልጽ ተሥሏል። የመሐንዲሶቹ ማኅተምም አርፎበታል። ያንን መጋጠሚያ ግን ቁጭ ብሎ ያሰላው ሰው አልነበረም። የሚዙሪ ግዛት የሁለት ኃላፊ መሐንዲሶችን ፈቃድ ነጠቀ። እዚያ ማንም ማታ ለሌላ ወገን ሲሠራ አልነበረም። የሁለተኛው ዓይን ቦታ ግን ባዶ ነበር። አንተ የተጠየቅከው ያንን ቦታ በክፍያ ባዶ እንድታደርገው ነው።

ሌላም ጣጣ አለው። የመጀመሪያውን ወር ክፍያ ትቀበላለህ። ቀጥሎ የሶሌታ (የወለል አርማታ) ብረት ልታይ ትወጣለህ፤ በብረቶቹ መካከል ያለው ርቀት ሰፍቷል። «ፍቱትና እንደገና እሰሩት» ልትል ነው። ማናጀሩ አይቆጣም፣ አይከራከርም። ፈገግ ብሎ ያይሃል፣ አለቀ። የተከፈለህ ለስዕሉ ብቻ እንዳልነበር ያኔ ይገባሃል። አንተ ጋ ውል የለም፤ እሱ ጋ ግን ገንዘቡን ያስተላለፈበት የባንክ ወረቀት አለ።

«ከሥራ ሰዓቴ ውጪ ነው» ላልከው፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ መሥራት በራሱ ነውር የለውም። ቀጣሪህ አውቆ ከፈቀደልህ፣ ለማትቆጣጠረው ፕሮጀክት ስዕል ብትሠራ ማንም አይነካህም። ብዙ የጥቅም ግጭቶች ቀድመህ በጽሑፍ ስታሳውቅ ይስተካከላሉ። የአክስትህ ልጅ ሲሚንቶ አቅራቢ ሆኖ ከተገኘ ትናገራለህ፣ የሱን ርክክብ ሌላ ሰው ይፈርማል፣ ሥራው ይቀጥላል። ይሄኛው ግን በማሳወቅ አይድንም። የራስህን ሥራ ራስህ የምታጸድቅበት ነገር ነውና አለቃህ ቢፈቅድልህም ያው ነው።

እምቢታህን ደግሞ በቃል ብቻ አትተወው። አጭር ኢሜይል ጻፍ፦ «ስለ ጥያቄው አመሰግናለሁ። እኔው የማጸድቀውን ሰነድ እኔው ማዘጋጀት አልችልም።» ግልባጩን ለሬዚደንት ኢንጂነርህ (ለሳይቱ ዋና ተቆጣጣሪ)። ይህን ካላደረግክ፣ ነገ አንድ ኮንክሪት አልቀበልም ስትል «ገንዘብ ጠይቆን ስለከለከልነው ነው» ይባላል። ሲባል ሰምቻለሁ።

መኪናው ሌላ ነገር ነው። በብዙ የግንባታ ውሎች የተቆጣጣሪው ቢሮ፣ መኪናና ኮምፒውተር በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባሉ። ኮንትራክተሩ ያቀርባል፣ አሠሪው ይከፍላል። ውል ውስጥ እስካለ ድረስ ስጦታ አይደለም። እኔ ግን አሠራሩን አልወደውም። ነዳጁ በማን ፊርማ ይቀዳል? ሾፌሩ የማን ተቀጣሪ ነው? ሥራ ያስቆምክ ዕለት መኪናው «ጋራዥ ገብቷል» ሲባል ምን ታደርጋለህ? የጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁ ባለሙያዎች ካነበባችሁኝ፣ እባካችሁ ይህን ወጪ ወደ አማካሪው ውል አዙሩት። አንተ ግን እስከዚያው የጉዞ መዝገብ ያዝ፣ ቅዳሜና እሑድ ለግል ጉዳይ አትንዳው።

«የኮንትራት አስተዳደር ባለሙያ ነኝ፣ በአማካሪው በኩል። ኮንትራክተሩ የጊዜ ማራዘሚያ ጠይቋል፣ ማስረጃውም ጥሩ ነው። አለቃዬ ግን ‹ደሞዝሽን የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ለማን እንደምትሠሪ አትርሺ› ይለኛል። እውነት ለኮንትራክተሩ መፍቀድ አሠሪውን መክዳት ነው?»

አይደለም፣ እህቴ። ጥያቄሽ ግን የዋዛ አይደለም፤ የውል አርቃቂዎችም ሲገላብጡት ኖረዋል። ፊዲክ የሚባለው ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን በ1987 ባወጣው፣ ቀይ መጽሐፍ በሚባለው የግንባታ ውል ናሙና፣ ውሉን የሚያስተዳድረው ኢንጂነር ሲወስን ገለልተኛ ይሁን ይላል። የ1999ኙ እትም ሐሳቡን ቀየረ፦ ኢንጂነሩ በጥቅሉ በአሠሪው ስም እንደሚሠራ ይቆጠራል፣ ውሳኔ ሲሰጥ ግን ፍትሐዊ ይሁን አለ። በ2017 ደግሞ እንደገና ተመለሱበት። ኢንጂነሩ እንዲህ ባሉ ጥያቄዎች ላይ ሲወስን በሁለቱ ወገኖች መካከል ገለልተኛ ሆኖ ይሠራል፣ ለዚያ ተግባር የአሠሪው ወኪል ተደርጎ አይቆጠርም ይላል። የያዝሽው ውል የትኛው እንደሆነ እዪ። በሦስቱም ግን «አሠሪው ስለሚከፍል ለእሱ ፍረድ» የሚል አንቀጽ አታገኚም።

ፍርድ ቤትም ተናግሮበታል። በእንግሊዝ አንድ አርክቴክት በጉድለት የተሠራ ሥራ ላይ የክፍያ ሰርተፊኬት ፈረመ። ኮንትራክተሩ ከሰረ፣ የቤቱ ባለቤት ገንዘቡን ማስመለስ አቃተው። አርክቴክቱ «እኔ እንደ ዳኛ ነበርኩ፣ ልከሰስ አልችልም» ብሎ ተከራከረ። ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ1974 አልተቀበለውም። ባለቤቱም ሆነ ኮንትራክተሩ ውሉን የፈረሙት ሰርተፊኬት ሰጪው በሚዛንና በጥንቃቄ ይሠራል ብለው ነው አለ። በጉዳዩ የተጎዳው አሠሪው ነበር፤ ሚዛኑ ግን ለሁለቱም ነው የተባለው።

አሁን ደብዳቤሽ የማይለውን ልጠይቅሽ። ማራዘሚያው የተጠየቀው በምን ምክንያት ነው? ስዕል ዘግይቶ ከሆነ፣ ያዘገየው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ አማካሪው ራሱ ነው። ማራዘሚያውን ፈቀድሽ ማለት «ቢሮአችን ስዕሉን በጊዜው አላወጣም» ብለሽ ፈረምሽ ማለት ነው። ስለ አሠሪው ታማኝነት የሚሰበክልሽ የቢሮውን ገበና ለመሸፈን ሊሆን ይችላል። እኔ በጣም እጠረጥራለሁ።

እንዲህ ከሆነ ግምገማሽን በቀንና በሰነድ አስደግፈሽ በጽሑፍ ለአለቃሽ አስገቢ፤ ውሳኔውን እሱ ይፈርም። በማታምኚበት ውድቅ ማድረጊያ ላይ ግን ፊርማሽን አታኑሪ። አለቃሽ ቅን ሰው ከሆነ ደግሞ ለአሠሪው «በዚህ ጉዳይ እኛም እጃችን አለበት፣ ሌላ ገምጋሚ ይሰየም» ማለት ይችላል። ይህን ሲል የሰማሁት አማካሪ ጥቂት ነው፣ ያሉት ግን ሥራ ሲያጡ አላየሁም። ኮንትራክተሩም ካልተስማማ ውሉ ወደሚያዘው የክርክር መፍቻ ስለሚሄድ ነገሩ እናንተ ጋ አያበቃም።

«ስትራክቸራል መሐንዲስ ነኝ። የሚያስገነባው፣ የሚገነባውና የሚቆጣጠረው ድርጅት በተለያየ ስም የአንድ ሰው ነው። ፓርኪንጉ እንዲሰፋ ሁለት ኮለን (ምሰሶ) አንሳ ተባልኩ። ከላይ ትልቅ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ያስፈልጋል ስል ‹አሳምረህ አስላውና ይለፍ› አሉኝ።»

ባለሀብቱ ሦስት ድርጅት ስላለው አልወቅሰውም። ነድፎ መገንባት በአንድ እጅ መሆኑም የታወቀ አሠራር ነው። የሚያስፈራኝ ከላይ እስከ ታች «አይሆንም» ማለት የሚችል ሰው አለመኖሩ ነው።

በሴኡል የነበረው የሳምፑንግ የገበያ ሕንፃ በትክክል ያንተ ታሪክ ነው። ለመኖሪያ የታሰበው ሕንፃ ወደ ገበያ ማዕከል ተቀየረ። ለተንቀሳቃሽ ደረጃዎች ቦታ ለማግኘት ኮለኖች ይነሱ ተባለ። ኮንትራክተሩ እምቢ አለ። ባለቤቱ አሰናበተውና በራሱ የግንባታ ድርጅት አስጨረሰው። በኋላም አምስተኛ ፎቅ ተጨመረ። በ1995 ሕንፃው ሲደረመስ 502 ሰዎች ሞቱ። ለውጡን በጉቦ ያሳለፉ የአካባቢው ሹማምንትም ታሠሩ። የመጀመሪያው ኮንትራክተር «አይሆንም» ማለቱ ብቻውን ሕንፃውን አላዳነም፤ ከእሱ ቀጥሎ እምቢ የሚል ጠፋ። ስለዚህ እምቢ ብለህ ብቻ አትሂድ።

ስሌትህን ጨርሰህ፣ ኮለኖቹ ሲነሱ ምን እንደሚሆን በቁጥር ጽፈህ አስረክብ። ክፍያው በፕሮጀክቱ መቀጠል ላይ ያልተንጠለጠለ የውጭ ገምጋሚ ይየው በል። አልሰማም ብለው ከቀጠሉ ስምህ ከስዕሉ እንዲነሳ በጽሑፍ ጠይቅና ፈቃድ ለሰጠው አካል አሳውቅ። «የደንበኛን ምስጢር ማውጣት አይሆንም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር በ1914 የመጀመሪያውን የሥነ ምግባር ደንብ ሲያወጣ፣ ደንቡ መሐንዲሱ ከደንበኛውና ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር ስላለው ግንኙነት ነበር። የሕዝብ ደኅንነት ከሁሉ ይቅደም የሚለው የገባው በ1970ዎቹ ነው። ዘግይቶ ቢገባም ዛሬ በአብዛኞቹ የሙያ ደንቦች የመጀመሪያው መስመር እሱ ነው።

«የኪዩብ (ለጥንካሬ ፍተሻ የሚወሰድ የኮንክሪት ናሙና) ውጤታችን አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። ላብራቶሪው የኮንትራክተሩ ድርጅት ባለቤት ወንድም ንብረት እንደሆነ ገና አሁን ሰማሁ። ልጠርጥር?»

ጠርጥር። ግን ከመወንጀልህ በፊት ቁጥሮቹን ደርድራቸው። እውነተኛ ኮንክሪት ውጤቱ ይዋዥቃል፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይላል። ኮንክሪቱ 28 ቀን ሲሞላው የተፈተሹት ውጤቶችህ በሙሉ ከተፈላጊው ትንሽ ከፍ ብለው ተጠጋግተው ከተቀመጡ፣ እዚያ ላብራቶሪ ሳይሆን ጸሐፊ ነው ያለው። ከዚህ በኋላ የትኛው የኮንክሪት መኪና ሲደርስ ናሙና እንደምትወስድ ለማንም ሳትነግር ራስህ ምረጥ። ኪዩቡ ላይ ራስህ ምልክት አድርግ፣ ግማሹን ወደ ሌላ ላብራቶሪ ላክ። ልዩነቱ ከሰፋ ከተሠራው አካል ላይ ኮር (ተቆፍሮ የሚወጣ ናሙና) ይወሰድ። ላብራቶሪዎች የሚመዘኑበት ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 17025 ገለልተኝነትን በግልጽ ይጠይቃል። ስለዚህ የዝምድናውን ጉዳይ በደብዳቤ ማንሳትህ ስም ማጥፋት አይደለም።

«ቤት እያሠራሁ ነው። አርክቴክቴ ሴራሚኩንም አልሙኒየሙንም ከአንድ ነጋዴ ብቻ ግዢ ይለኛል። ከነጋዴው ኮሚሽን ይቀበላል አሉኝ። ላሰናብተው?»

ቆይ፣ አይቸኩሉ እመቤቴ። መጀመሪያ በጽሑፍ ይጠይቁት፦ «ከዚህ አቅራቢ የምታገኘው ጥቅም አለ?» አዎ ካለ ገንዘቡ ከእርስዎ ዋጋ ላይ ይቀነስ። በብዙ አገሮች ሕግ ወኪል ተደብቆ የተቀበለው ኮሚሽን የወካዩ ነው። የለም ካለ መልሱን ያስቀምጡት፣ ይጠቅምዎታል። ቀጥሎ የሚፈልጉትን ዕቃ በነጋዴው ስም ሳይሆን በመጠኑ፣ በውፍረቱና በጥራት ደረጃው እንዲጽፍልዎ ያድርጉ፤ «ወይም ተመጣጣኝ» የሚለው እንዳይቀር። በዚያ ዝርዝር ከሌሎች ነጋዴዎችም ዋጋ ያስመጡ። ዝርዝሩን ለመጻፍ ካንገራገረ ያኔ ያሰናብቱት።