መጀመሪያ ሕንፃው ወይስ ሆስፒታሉ?

ጥያቄ፦ ከዋና ከተማ ርቆ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲያችን የሕክምና ትምህርት ቤት ሊከፍት ነው። የመማሪያ ሕንፃው እየተጠናቀቀ ስለሆነ በየዓመቱ 100 ተማሪ ለመቀበል ታስቧል። ይበዛ ይሆን?

መልስ፦ አዎ፣ ሊበዛ ይችላል። ቁጥሩን የሚወስነው የመማሪያ ክፍሉ ወንበር ሳይሆን የሆስፒታሉ አልጋና መምህሩ ሐኪም ነው። ትምህርቱ ስድስት ዓመት ይፈጃል፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደግሞ በሆስፒታል ያልፋሉ እንበል። በየዓመቱ 100 ከገባ በስድስተኛው ዓመት 300 ተማሪ በአንድ ጊዜ ዎርድ (የታማሚዎች መኝታ ክፍል) ውስጥ ይገኛል። በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናትና በማኅፀንና ጽንስ ሲከፋፈሉ ለእያንዳንዱ ክፍል 75 ይደርሰዋል። አልጋ አጠገብ በደንብ ማስተማር የሚቻለው ስድስት ተማሪ ቢበዛ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ክፍል ብቻ 13 ቡድን፣ ለ13ቱም መምህር ያስፈልጋል ማለት ነው። ክፍሉ 40 አልጋ ካለው አንዱን ታማሚ ሁለት ሁለት ተማሪ ይመረምረዋል። ሲዳሰስ የሚውለው የታመመ ሰው መሆኑ መቼም ሊረሳ አይገባም።

ይህ ችግር በመክፈቻው ዕለት አይታይም። ሦስት ዓመት ሁሉም ነገር የተሳካ ይመስላል፤ በአራተኛው ዓመት ተማሪው ዎርድ ሲገባ ይፈነዳል፣ ያን ጊዜ ደግሞ የተቀበሉትን መመለስ አይቻልም። በ40 ብትጀምሩ በክፍል 30 ተማሪ፣ አምስት ቡድን ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ሳይመረቁ ቁጥሩን አትጨምሩ። ሆስፒታሉ የዩኒቨርሲቲው ካልሆነም የሐኪሞቹ የማስተማሪያ ሰዓትና ክፍያ ከምዝገባ በፊት በውል ይታሰር።

ጥያቄ፦ ለአናቶሚ (ለሰውነት አካል ትምህርት) አንዱን ላቦራቶሪ ብናመቻች አይበቃም?

መልስ፦ የአየር ማውጫው ካልተቀየረ አይበቃም። አስከሬን እንዳይበሰብስ ከሚያደርገው ፈሳሽ፣ ከፎርማሊን፣ የሚወጣው የፎርማልዲሃይድ ትነት ከአየር በመጠኑ ይከብዳል። የአየር ማውጫው ጣሪያ ላይ ከሆነ ትነቱ ወደ ላይ የሚወጣው አስከሬኑ ላይ ባጎነበሰው ተማሪ ፊት በኩል ነው። ስለዚህ ከጠረጴዛው ወይም ከወለሉ አጠገብ ይሳብ። ንጥረ ነገሩ ካንሰር አምጪ መሆኑ ስለተረጋገጠ እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። አስከሬኑም በመድኃኒቱ ደህና አድርጎ እስኪጠነክር ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። የፈቃዱ፣ የመዝገቡና የቀብሩ ሥርዓት ተማሪ ከመግባቱ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ ይጀመር።

ጥያቄ፦ ተመራቂዎቹ እኛው ዘንድ ይቀራሉ?

መልስ፦ በአመራረጣችሁ ይወሰናል። በሰሜን ኖርዌይ የሚገኘው የትሮምሶ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ሕክምና ማስተማር ሲጀምር ለሰሜን ልጆች መቀመጫ ለይቶ ያዘ፤ ከእነሱም አብዛኞቹ ተመርቀው እዚያው ሠሩ። መቀመጫ ለይታችሁ ያዙ፤ ተማሪዎቹንም ገና በሁለተኛው ዓመት ወደ ትንንሽ ሆስፒታሎች ላኩ።