ዘንጉን ይዘህ ና፣ ዓሣውን እዚያው ተወው

ባለፈው ወር፣ በስደት ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር አሜሪካ ውስጥ በፖቶማክ ወንዝ ላይ ባስ የሚባለውን ዓሣ ስናጠምድ ስላሳለፍናቸው ቅዳሜዎች ጽፌ ነበር። ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ስጽፍ ሦስት ደብዳቤ የሚደርሰኝ ሰው፣ ስለ ዓሣ ብጽፍ ጠረጴዛዬ ሞላ። ግማሹ በውጭ ከሚኖሩ የጎጃም ልጆች ነው፤ ግማሹ እዚህ ከቀሩት ዘመዶቻቸው። ዛሬ ሰባቱን እመልሳለሁ። የቀሩት በአብዛኛው «ያንን የሚያህል ዓሣ አልያዝክም» የሚሉ ስለሆኑ መልስ አያስፈልጋቸውም።

ያለፈውን ላላነበበ፦ ባስ መገኛው ሰሜን አሜሪካ የሆነ፣ ጀርባው አረንጓዴ፣ በጎኑ ጥቁር መስመር የተሰመረበት፣ የአፉ ጥግ ከዓይኑ አልፎ የሚሄድ አዳኝ ዓሣ ነው። በሪከርድነት ከተመዘገቡት ሁለቱ ትልልቆች አንዱ በ1932 ጆርጂያ ውስጥ፣ ሌላው በ2009 ጃፓን ውስጥ በቢዋ ሐይቅ የተያዙ ሲሆኑ ሁለቱም ከ10 ኪሎ ግራም ጥቂት ያልፋሉ (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የእኔ ትልቁ ሁለት ኪሎ ተኩል ነበር። ባለፈው ሦስት ያልኩት ብዕሬ አዳልጦት ነው።

«ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ ከሄደ አምስት ዓመቱ ነው። በየሳምንቱ ዓሣ ታቅፎ የተነሳውን ፎቶግራፍ ይልክልናል። ‹እንዴት አድርገህ በላኸው?› ስለው ‹መልሼ ውሃ ውስጥ ለቀቅሁት› ይለኛል። እናታችን ልጁን አንድ ነገር ነክቶታል ብላ ጠበል ልትልክለት ነው። ጤነኛ ነው?» — እህቱ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤነኛ ነው፤ ጠበሉም አይጎዳውም። እኔ ራሴ ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ባስ ስሞ ሲለቀው ባየሁ ጊዜ ተከትዬው ልዘል ምንም አልቀረኝም። ጉርሻ ሲወድቅ አንስተን ስመን የምንበላ ሰዎች፣ በእጅ የገባ ምግብ ወደ ውሃ ሲወረወር ማየት ያመናል።

ልማዱ ግን ምክንያት አለው። ሬይ ስኮት የሚባል የአላባማ ሰው በ1967 የባስ ማጥመድ ውድድር ጀመረ። ሰዎች በብዛት ወጡና ዓሣ መያዝ ጨዋታ ሆነ። የያዘው ሁሉ ይዞ ወደ ቤቱ ቢሄድ ሐይቁ እንደሚራቆት ስለገባው፣ በ1972 ተወዳዳሪዎች ዓሣውን በሕይወት አቆይተው፣ አስመዝነው እንዲለቁ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ የጨዋ አጥማጅ ወግ ሆኖ ቀረ።

ሌላም አለ። በጸደይ ወራት ውሃው ሞቅ ማለት ሲጀምር ወንዱ ባስ በጭራው አሸዋውን ጠርጎ ጎጆ ያበጃል፤ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ ጠባቂው አባት ነው። እሱን ጀልባ ላይ አውጥተሽ ፎቶግራፍ ስታነሺው ትናንሾቹ ዓሦች ደርሰው እንቁላሉን ይለቅሙታል። ስለዚህ ወንድምሽን «ለምን ለቀቅኸው?» ከማለት «ስንት ደቂቃ አቆየኸው?» ብለሽ ጠይቂው። ፎቶግራፎቹንም ልብ ብለሽ እዪ፦ ከባዱን ዓሣ በአንድ እጁ በመንጋጋው ብቻ አንጠልጥሎት ከሆነ መንጋጋውን ይጎዳዋል፤ ሌላው እጁ ከሆዱ ስር ይግባ። እጁም እርጥብ መሆን አለበት፣ በደረቅ እጅ ከተያዘ ከበሽታ የሚጠብቀው ልጋግ ይገፈፋል።

«አራት ጓደኛሞች ነን፣ የዳንግላና የመራዊ ልጆች፣ ዳላስ የምንኖር። በወር አንድ ጊዜ ፎርክ ሐይቅ እንሄዳለን። አንደኛው የነዳጅ አያዋጣም፣ የጀልባ ኪራይ አያዋጣም፣ የማጥመድ ፈቃድም አያወጣም። ‹ማን ይጠይቀናል?› ይላል። ወዳጅነታችንን ሳናበላሽ ምን እናድርግ?»

ሁለቱን ጉዳይ ለዩት። ፈቃዱ ድርድር የለውም። በቴክሳስ ዕድሜው 17 የሞላ ሰው ያለ ፈቃድ ዘንግ መጣል አይችልም፤ በሐይቁ ላይ የሚዞሩት የዱር እንስሳት ጥበቃ መኮንኖችም እንደ ማንኛውም ፖሊስ ሥልጣን ያላቸው ናቸው። «ማን ይጠይቀናል?» የሚለው ወዳጃችሁ እንዲጠየቅ የተሰየመ ሰው አለ። ደግሞ መደበኛው ዓመታዊ ፈቃድ በኦገስት 31 ያበቃል፤ ያም እንቁጣጣሽ ሊገባ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ለበዓል ዓሣ ልያዝ ብሎ በአሮጌ ፈቃድ የወጣ ሐበሻ እናንተ የመጀመሪያዎቹ አትሆኑም።

የገንዘቡን ነገር በተመለከተ፣ ሐይቅ ዳር ቆማችሁ ሒሳብ አትተሳሰቡ። እኛ እንደ ዕቁብ አድርገነው ነበር፦ በየወሩ እኩል መዋጮ፣ አንድ ሰብሳቢ፣ ያልከፈለ በዚያ ወር ቤቱ ይቀራል። ይሉኝታ የማያንቀሳቅሰውን ሰው ዕቁብ ያንቀሳቅሰዋል። ምናልባት ግን ሰውየው አገር ቤት የሚጦራቸው ብዙ ይሆናሉ፤ እንዲያ ከሆነ ስንቁን እሱ ያምጣ። ከእኛ መካከል ሁልጊዜ ኪሱ ባዶ የነበረው ሰው የሚያመጣው የበሶ ጭብጦና ድርቆሽ ባይኖር ኖሮ ሦስታችን እስከ ቀትር አንቆይም ነበር።

«ጀርመን አገር ነኝ፣ የፍኖተ ሰላም ልጅ። ዓሣ ላጠምድ ብል ፈተና ተፈተን አሉኝ። እየቀለዱብኝ ነው?»

አይደለም። አብዛኞቹ ክፍላተ አገሮቻቸው ስለ ዓሣ ዓይነት፣ ስለ ሕግና ስለ አገዳደል ፈትነው ካላሳለፉህ የማጥመድ ወረቀት አይሰጡህም። ከዚያ በኋላም ለምታጠምድበት ውሃ ሌላ ፈቃድ አለ። አደራህን፣ ለደብረ ማርቆሷ እህት የጻፍኩትን አንብበህ እዚያ እንዳትሠራበት፤ ዓሣን ለጨዋታ ብቻ እያወጡ መልቀቅ በእንስሳት ጥበቃ ሕጋቸው ያስጠይቃል።

«ለጥምቀት ከሦስት የውጭ ጓደኞቼ ጋር ባሕር ዳር እመጣለሁ። ዘንጎቻችንን ይዘን ጣና ላይ ብናጠምድ ምን እናገኛለን?»

ባስ አታገኙም፤ ስለሱ ከታች እመጣለሁ። ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ባርበስ የሚባለው ረጅሙ ብርማ ዓሣ አለ። ለእናንተ የሚሆናችሁ ባርበሱ ነው፤ ከዓይነቶቹ መካከል ዓሣ አሳዳጆች ስላሉ በውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ የሚያብረቀርቀውን ብረት እንደ ባስ ተወርውሮ ይይዘዋል። ቆሮሶ ከደንገሉ ጥግ ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ አምባዛ ሲመሻሽ በሥጋ ቁራጭ። ክርና መንጠቆውን ከዚያው ይዛችሁ ኑ።

ጥር ጥሩ ጊዜ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ብትመጡ ግን ወንዞቹ አፍ ላይ አትቁሙ እላችኋለሁ፤ በዚያ ወቅት ባርበሱ ሊራባ ወደ ግልገል ዓባይና ወደ ሌሎቹ ገባሮች ይወጣል፤ ሐይቁን ክፉኛ የጎዳው በዚያ መንገድ ላይ የተዘረጋ መረብ ነው። ማለዳ ውጡ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነስቶ ማዕበሉ ጀልባ ያስጨንቃል። ቢልሃርዝያ ስላለ ባዶ እግራችሁን ውሃው ውስጥ አትቁሙ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በደብረ ማርያም በኩል ጉማሬ አለ፤ ለፎቶግራፍ ብላችሁ አትጠጉት። ፈቃድና የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ አገሪቱ በእኛ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ያወጣችው የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 አለ፣ ውሃው ባለቤት የሌለው አይደለም።

አንድ ውለታ ዋሉልኝ፦ በደንገል ታንኳ የሚያሰግሩትን የነገደ ወይጦ አዛውንቶች ካገኛችሁ ውድ ዘንጋችሁን አስቀምጡና ጠይቋቸው። እኔ ከውጭ ተመልሼ ዕቃዬን ዘርግቼ አራት ሰዓት ሙሉ ባዶዬን በተቀመጥኩበት ቀን፣ አንድ አባት በታንኳ አልፈው «ልጄ፣ ነፋሱን ፊትህ ላይ ነው ያደረግኸው» አሉኝ። ዞሬ ተቀመጥኩ። ያዝኩ።

«በአሜሪካ የምንኖር የሜጫ ተወላጆች አገራችንን በልማት ለመርዳት ተሰብስበን ነበር። የቆጋ ግድብ ውሃ ለባስ በጣም ተስማሚ ይመስለናል። ጫጩቶቹን አምጥተን ብንጨምር ቱሪስት ይመጣል፣ ወጣቱም ሥራ ያገኛል። ምን ትላለህ?»

አይሆንም እላለሁ።

ቅንነታችሁን አልጠራጠርም። ግን የቆጋ ወንዝ ወዴት እንደሚፈስስ እናንተ የዚያው ልጆች ታውቁታላችሁ፦ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ግልገል ዓባይ ወደ ጣና። ቆጋ ላይ የተጣለ ዓሣ ቆጋ ላይ አይቀርም።

ጣና ደግሞ እንደ ሌላው ሐይቅ አይደለም። ከታች 40 ሜትር ያህል የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በር ዘግቶበት፣ በሱዳንና በግብጽ ዓባይ የሚርመሰመሱት እነ ናይል ፐርች የሚባሉት ትልልቅ ዓሣ በሎች ወደ ላይ መውጣት አልቻሉም። በተዘጋው ቤት ውስጥ ባርበሱ ብቻውን ተዋልዶ፣ ተለያይቶ፣ ከአሥራ አምስት ያላነሰ ዓይነት ሆነ። ስምንቱ ዓሣ በል ሆኑ፤ ባርበስ ካርፕ ከሚባለው ዓሣ ወገን ነው፣ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው እንዲህ ያለ ዓሣ አዳኝ ሲሆን ብርቅ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅም ነበር። ከውጭ የገቡ ዓሦችና ያለ ልክ ማስገር ተባብረው አጠፉት። የቀረው የእኛው ነው።

ባስ የሚበላው ምንድን ነው? ከአፉ የሚያንስ ማንኛውም ነገር፦ ትናንሽ ዓሦች፣ እንቁራሪት፣ የዳክዬ ጫጩት ሳይቀር። ጃፓኖች በ1925 አሺ ሐይቅ ላይ ጨመሩት፤ በ2005 ሥራ ላይ በዋለው ሕጋቸው ደግሞ ማርባቱንም፣ በሕይወት ማጓጓዙንም፣ መልቀቁንም ከለከሉ። በመካከሉ አገሩን አዳርሶት ነበር። ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ ሐይቅ ላይ በ1929 የገባው ባስ እስከ ዛሬ አለ።

ከራሴ ወንዝ ልንገራችሁ። በ2002 ሜሪላንድ ውስጥ ክሮፍተን በምትባል ከተማ ኩሬ ላይ፣ አንድ ሰው የለቀቃቸው፣ ራሳቸው የእባብ የሚመስል የእስያ ዓሦች ተራብተው ተገኙ። ኩሬውን በመርዝ አጸዱት። በ2004 ዘመዶቹ ፖቶማክ ውስጥ ተያዙ፤ ዛሬ ወንዙን ለምደውታል። እኛ ባስ ልንይዝ ጥለን ያንን ስናወጣ ከጓደኞቼ አንዱ ሁልጊዜ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይል ነበር። መልቀቅ አንድ ሰው፣ አንድ ባልዲና አንድ ምሽት ይበቃዋል። መልሶ መልቀም የሚችል መንግሥት ግን አላየሁም። እምቦጭን በእጁ ሲነቅል የከረመ የጣና ዳር ገበሬ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቃል።

ገንዘቡን ካሰባሰባችሁ ለቆጋ ዙሪያ አስጋሪዎች ትናንሾቹን ዓሦች የሚያሳልፍ፣ ዓይኑ ሰፊ መረብና ዓሣው ገበያ እስኪደርስ የሚቆይበት የበረዶ ሣጥን ግዙላቸው። እንደ ባስ ፎቶግራፍ አያምርም፤ ይሁን።

«ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ባስ ይዞ ይመጣል። እሾሁ ይበዛል? ለልጆች ይሆናል? በጾምስ?» — ከሜሪላንድ

ሥጋው ነጭ ነው፣ እሾሁም ከባርበስ በጣም ያነሰ ነው፤ ለዓሣ ጉላሽም ለለብለብም ይሆናል። ቆዳውን ግፈፊው፣ የጭቃ ጠረን ያለው እዚያ ነው። ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ግን ትልልቁን አትስጪ፦ ባስ ሌሎች ዓሦችን እየበላ ስለሚያድግ ሜርኩሪ በሥጋው ይጠራቀማል፣ ባረጀ ቁጥርም ይብሳል። ስቴቱ ከየትኛው ውሃ ምን ያህል ቢበላ እንደሚሻል ያወጣውን ምክር ባለቤትሽ ፈልጎ ያንብብ፤ ማጥመድ ከቻለ ማንበብ አያቅተውም። ጾሙን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። በእሱ ጉዳይ ጋዜጣ ላይ አልገባም።

«ልጄ ሚኒሶታ ነው። በጋ ጀልባ ላይ ነው፣ ክረምት ደግሞ በረዶ ላይ ተቀምጦ በረዶውን በስቶ ዓሣ ያወጣል አሉኝ። ዋና አያውቅም፤ ደጀን ላይ የት ይማር? እንቅልፍ አጣሁ። ምን ልበለው?» — በልጅ ልጃቸው ያስጻፉ እናት

እናቴ፣ ፍርሃትዎ ትክክል ነው።

እኔም ዋና የማያውቅ የደጋ ሰው ነበርኩ። በመጋቢት አንድ ማለዳ መንጠቆዬ ግንድ ይዞብኝ ስጎትት ፖቶማክ ውስጥ ወደቅሁ። ውሃው የበረዶ ቅላጭ ነበር። ሰው የሚመስለው የሚሰምጠው ሲደክመው ነው፤ እንደዚያ አይደለም። ቅዝቃዜው ደረትዎን ሲመታው ሳይፈልጉ አፍዎን ከፍተው አየር ይስባሉ፣ አፍዎ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስቡት ውሃ ነው። ያተረፈኝ ጓደኞቼ እየሳቁብኝ የለበስኩት ተንሳፋፊ ጃኬት ነው፤ በማንገቻው ጎትተው አወጡኝ። ከዚያ ቀን በኋላ አራታችንም ለብሰን ነበር የምንወጣው።

የበረዶውን ነገር፦ የዚያው አገር ሹማምንት በእግር ለመሄድ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥርት ያለ አዲስ በረዶ ያስፈልጋል ይላሉ፤ ነጭና አሮጌ ከሆነ ከዚያ በእጅጉ መወፈር አለበት። በስቶ ሳይለካ አይርገጥ፤ ብቻውንም አይውጣ። ዋናም ይማር፤ እዚያ በየሰፈሩ የሚያስተምሩበት የተዘጋ ሙቅ ገንዳ አለ።

አይከልክሉት። ከከለከሉት ተደብቆ ይሄዳል፤ የተደበቀ ሰው ደግሞ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ሲደውል «ስንት ያዝክ?» አይበሉት። «ጃኬቱን ለብሰህ ፎቶግራፍ ላክልኝ» ይበሉት፣ በየሳምንቱ። ሲደርስዎትም ቁልፎቹ መቆለፋቸውን የልጅ ልጅዎ አጉልቶ ያሳይዎት፤ ለፎቶግራፉ ብሎ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገው እንደሆነ ያስታውቃል።