ገጹን የሚገልጠው የልጁ እጅ ነው

ልጆቼ፣ ባለፈው ደሴ ፒያሳ ቡና ስንጠጣ፣ በልጅነታችሁ የምትወዱትን የሥዕል መጽሐፍ በሰው ተዋናይ ፊልም ልታደርጉት እንዳሰባችሁ ነገራችሁኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ያልነገርኳችሁ ነገር ትዝ አለኝና እንቅልፍ ነሳኝ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ እኔም ሞክሬዋለሁ። መጽሐፉ የአንድ እረኛ ልጅ ታሪክ ነበር፤ ሠላሳ ሁለት ገጽ፣ በየገጹ አንድ ሁለት መስመር። መሐሉ ላይ ጭራሽ ቃል የሌለበት ቦታ አለ። በግራ ገጽ ልጁ ቢጫ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል፤ በቀኝ ጨለማና ሁለት የጅብ ዓይኖች። እኔ ያንን ዝምታ ጉድለት አድርጌ ቆጠርኩት። ጅቡን አናገርኩት፣ ልጁን አስለፈለፍኩት፣ በላዩ ላይ ዋሽንትና ማሲንቆ ጨመርኩበት። ሐይቅ ዳር ቀርጸን ጨርሰን ለልጆች ስናሳይ፣ ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ወደ እናቷ ዞራ «ጅቡ እኮ ዝም ነበር የሚለው» አለቻት።

በኋላ እናቷ አጫወተችኝ። ልጅቷ እዚያ ገጽ ስትደርስ የጅቡን ዓይኖች በመዳፏ ትሸፍናቸዋለች። «ሄደ?» ትላለች። ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያነሳች ታያለች። እኔ የነጠቅኳት ያንን ነው። መጽሐፉን ስታይ ገጹን የምትገልጠው እሷ ነች፤ ስትፈራ ታዘገያለች፣ ስትደፍር ትገልጣለች። ሲኒማ ቤት ስትገባ ግን ገላጩ እናንተ ናችሁ፤ እሷ የምትይዘው ነገር የላትም። ስለዚህ ልጅ የሚዘገይበት ቦታ ላይ ካሜራችሁም ይዘግይ።

መጨመር ግን ግድ ነው፤ አብሽሩ። አሜሪካዊው ደራሲና ሠዓሊ ሞሪስ ሴንዳክ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1963 ያሳተመው፣ ማክስ የሚባል ልጅ አውሬዎች አገር ሄዶ የሚመለስበት መጽሐፍ በእንግሊዝኛው 338 ቃል ብቻ ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ ስፓይክ ጆንዝ በዚያው አቆጣጠር በ2009 ከዚያ ያወጣው ፊልም 101 ደቂቃ ይፈጃል። በፊልሙ የሰፋው የልጁ ቁጣና ብቸኝነት ነው፤ ሁለቱም መጽሐፉ ውስጥ ነበሩ። አውሬዎቹንም ሰዎች ትልልቅ ልብስ ለብሰው ነው የተጫወቷቸው፣ ኮምፒውተሩ ፊታቸውን ብቻ አንቀሳቀሰ። ልጁ የሚደገፈው፣ የሚገፋው አካል ነበረው። ለእናንተም የምመኘው ይህንኑ ነው፤ የበግ ለምድ ሰፍቶ ጅብ የሚሠራ ሰው አታጡም።

ስለ ጋቢውም ልንገራችሁ። አልባሳት የያዘችው ልጅ «ጋቢ ነጭ ነው» ብላ ነጭ አመጣች፤ እኔም እሺ አልኩ። የሙከራ ቀረጻውን ያዩ ልጆች «ይሄ ማነው?» አሉ። ማታውን በእርድ ዘፈዘፍነው። በማግስቱ ጦሳ ተራራ ላይ ዝናብ ያዘንና ቀለሙ በልጁ አንገት ወርዶ ሸሚዙን አበላሸው፤ እንደዚያም ሆኖ ፊልሙ ውስጥ እስከ ዛሬ የምወደው ያንን ጋቢ ነው። ሠዓሊው ቢጫ ያደረገው አለምክንያት አልነበረም። በጨለማው ገጽ ልጁ ጠፍቶ እንዳይቀር ነው።

የመብቱን ነገር አስቀድማችሁ ጨርሱ። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት የባለቤቱ ነው፤ ካለፈም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ወደ ደራሲው ብቻ ሄዳችሁ ሠዓሊውን እንዳትረሱት፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን። ተዋናዩን ልጅ ደግሞ ትምህርቱን አታስፈቱት፤ ሲደክመው ካሜራውን አጥፉ፣ እናቱም ከቀረጻው ቦታ አትራቅ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት አለሁ፤ ኑ። መጽሐፉን ስታመጡ ከሱቅ የተገዛ አዲሱን ተዉትና፣ ታናናሾቻችሁ ያገላበጡትን፣ ጠርዙ የተበላውን አምጡልኝ። የትኛው ገጽ ላይ የጣት እድፍ እንደበዛ አብረን እናያለን።