ታይሮይድ ሲያንስ ትንፋሽ ያጥራል?

አዎ፣ ያጥራል። «ታይሮይድሽ በቂ ሆርሞን አያመነጭም ተብዬ መድኃኒት ከጀመርኩ 3 ሳምንት ሆነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ግን አሁንም ትንፋሽ ያጥረኛል» ላልሽው፣ 3 ሳምንት ገና ነው። የሌቮታይሮክሲን (የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካው መድኃኒት) ሙሉ ውጤት የሚታየው ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። ቲኤስኤች የሚባለው፣ የመድኃኒቱ መጠን በቂ መሆኑን የሚያሳየው የደም ምርመራም የሚደገመው ያኔ ነው።

ሆርሞኑ ሲያንስ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይደክማሉ፣ ልብም ቀስ ብሎ ይመታል። ስለዚህ ሳንባሽ ደህና ሆኖም ትንፋሽ ሊያጥርሽ ይችላል። ሳይታከም ሲቆይና ሲብስ ደግሞ በልብ ወይም በሳንባ ዙሪያ ውሃ ሊቋጠር ይችላል። እንቅርት ካለብሽና ስትተኚ የሚብስብሽ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ የአየር ቧንቧውን ተጭኖት ሊሆን ይችላል።

እስከዚያው አወሳሰድሽን አስተካክይ፦

1. በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት። ቡናም ይጠብቅ።
2. የአይረን ወይም የካልሲየም ክኒን የምትወስጂ ከሆነ ከታይሮይድ መድኃኒትሽ በ4 ሰዓት አራርቂያቸው።

እኔ የተሸወድኩት ሌላ ቦታ ነው። ሁሉንም በታይሮይድ እያሳበብኩ ወራት ቆየሁ፤ ለካ ደም ማነስም ነበረብኝ! ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የደም ማነስ ምርመራም ጠይቂ። መድኃኒቱን ግን በራስሽ እንዳትጨምሪ፤ ሲበዛ የልብ ምትን ያዛባል።

ቁጭ ብለሽ እንኳ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ ወይም ከንፈርሽ ከጠቆረ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።