ላቫጆ የገባ ዳሽቦርድ

በዚህ ዓምድ ከአንባቢያን ለሚደርሱን የሞተር ሳይክል ጥያቄዎች ባለሙያዎች መልስ ይሰጣሉ። ክረምት ነውና ጭቃው በዝቷል፣ እጥበቱም እንዲሁ። የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በሙሉ ከውሃ የተነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሞተሬን ላቫጆ አሳጥቤ ስወጣ የዳሽቦርዱ መስታወት ከውስጥ አላበው። ታች ጥግ ላይ የውሃ ጠብታም ይታያል። ቁጥሮቹ ይሠራሉ፣ የነዳጁ ምልክት ግን ብልጭ ድርግም ይላል። ጓደኞቼ ጤፍ ውስጥ ቅበረው ይሉኛል። ምን ላድርግ? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ጤፉን ለእንጀራ ይተዉት። እህል ከተዘጋ ዳሽቦርድ ውስጥ ውሃ አይስብም፤ ይልቅ ብናኙ በቀዳዳ ገብቶ ሌላ ሥራ ያመጣል።

መጀመሪያ ቁልፉን ዘግተው የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል። «ይሠራ የለም እንዴ» ብለው ቤት ድረስ አይንዱት። ዳሽቦርድ የሚገድለው ውሃው ብቻውን አይደለም። ሳሙና ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክ ያለበት ቦርድ ላይ ሲያርፍ መዳቡን ከፖዘቲቭ በኩል መብላት ይጀምራል። ቦርዱ ላይ የሚያዩት አረንጓዴ ዝገት የዚያ ውጤት ነው። ፀጉር የምታህል መስመር ለመቆረጥ ብዙ ጊዜ አይፈጅባትም። ባትሪው ከተነቀለ ግን ይህ ጉዳት በጣም ይዘገያል፤ ተረጋግተው ለመሥራት ጊዜ ያገኛሉ።

ስስ ላብ ብቻ ቢሆን፣ ሁሉም ነገር እየሠራ ላቡም ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ፣ መክፈት ባላስፈለገ ነበር። የእርስዎ ግን ጠብታ አለው፣ የነዳጁ ምልክትም ተረብሿል። ስለዚህ ይከፈታል።

ዳሽቦርዱን ከማውረድዎ በፊት የሶኬቱን አገባብና የሽቦዎቹን መስመር በስልክ ፎቶ ያንሱ። ሶኬቱ ምላስ አለው፤ ምላሱን ተጭነው ፕላስቲኩን ይዘው ይሳቡ እንጂ ሽቦውን አይጎትቱ። ጀርባው ላይ ያሉትን ብሎኖች በባለ መስቀል ካቻቢቴ ይፍቱ። ረጅምና አጭር ብሎን ሊኖር ስለሚችል ከየት እንደወጡ ካርቶን ላይ ቀዳዳ በስተው በቅደም ተከተል ይሰኳቸው። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ቦርዱን ይወጋል። በማጣበቂያ የታሸገ ከሆነ ዙሪያውን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቁ፣ በቀጭን ፕላስቲክ ቀስ ብለው ይክፈቱ። ቢላዋ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል። መርፌ ያለው ዳሽቦርድ ከሆነ መርፌውን ሳያስፈልግ አይንቀሉ፤ ሲመለስ ዜሮው ይዛነፋል።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ቦርዱን ማድረቅ ብቻውን አይበቃም። ውሃው ተንኖ ቢሄድም ሳሙናውና ጨዉ እዚያው ይቀራሉ፤ አየሩ እርጥብ በሆነ ቁጥርም ነፍስ ይዘራሉ። በክረምት ጠዋት ጠዋት እያመመው ከሰዓት የሚሻለው ዳሽቦርድ ነገሩ ይኸው ነው። ስለዚህ ቦርዱ መታጠብ አለበት። ሳሙናውን የሚያነሳው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው፤ ግማሽ ስኒ ይበቃል። ነዳጅ ማደያና መለዋወጫ ቤት ያገኙታል፣ ነገር ግን ከጎኑ የሚሸጠውን የባትሪ አሲድ እንዳይገዙ ጽሑፉን ያንብቡ። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ነክረው ቦርዱን ይጥረጉ፣ በተለይ የሶኬቱን እግሮች ሥር። ቀጥሎ በአልኮል ይድገሙት። ሞባይል ጥገና ቤቶች 99 በመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል አላቸው። ፋርማሲ ያለው 70 በመቶው ነው፤ ይሠራል፣ ግን ቀሪው ውሃ ስለሆነ የማድረቂያውን ሰዓት ያርዝሙ። የስክሪኑ ጠርዝ፣ የመርፌው ሞተርና ጢጥ የምትለዋ ድምፅ ማውጫ ላይ ፈሳሽ አያፍስሱ። ቲነርና ቤንዚን እንዳያስቡት፤ ፕላስቲኩን ያቀልጣሉ። የፊት መስታወቱም በአልኮል ሊሰነጣጠቅ ስለሚችል እሱን በውሃና በጥቂት ሳሙና ብቻ ያጽዱ።

ለማድረቅ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሙቀት ይበቃል። ማለትም ቦርዱን ሲነኩት ይሞቃል እንጂ እጅ አያባርርም። የፀጉር ማድረቂያ ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ እያረፉ፤ ከዚያ ደረቅ ክፍል ውስጥ 24 ሰዓት። ምጣድ ላይ አክንባሎ ደፍቶ ማድረቅ የሚያምራችሁ ካላችሁ ተዉት፤ የምጣድ ሙቀት ስክሪንም ፕላስቲክም አይምርም። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋ «አትብላ» የተጻፈባት ከረጢት እርጥበት ትስባለች፤ አራት አምስቱን ከቦርዱ ጋር የተከደነ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ይረዳል።

ሲገጥሙ የጎማ ማሸጊያው ከተቆረጠ ወይም ከጠነከረ በሲሊኮን ይተኩት፤ ከ2 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ቀጭን መስመር፣ 24 ሰዓት ሳይነካ። ሲሊኮኑን ከመግዛትዎ በፊት ያሽቱት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲደርቅ አሲድ ስለሚያወጣ መዳብ ይበላል፤ የማይሸተውን ይምረጡ። ከታች በኩል ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ደግሞ አይድፈኑ። ውሃ መግቢያ ትመስላለች፣ ሥራዋ ግን መተንፈሻነት ነው። ከተደፈነች ውስጥ የቀረው እርጥበት መውጫ ያጣል።

ጥያቄ፦ ውሃ የገባበትን ዲጂታል ዳሽቦርድ ራሴ ፈትቼ አደረቅሁት። አሁን ይበራል፣ ግን 8 ቁጥር 3 ይመስላል፣ አንዳንዱ መስመር ጨርሶ የለም። ስክሪኑ ሞቶ ነው? (ከዳንግላ)

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። በብዙ ዳሽቦርዶች ስክሪኑ ከቦርዱ ጋር የተገናኘው በሽቦ ሳይሆን ጥቁርና ነጭ መስመር ባለው ለስላሳ ላስቲክ ነው። ጥቁሩ መስመር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ እያንዳንዱ የቁጥር ስባሪ በላዩ በኩል ያልፋል። ላስቲኩ ሥር የሳሙና ዝቃጭ ከቀረ ወይም ሲገጠም ትንሽ ከተንሸራተተ የሚጠፋው እንዲህ ቁርጥራጩ ነው። ለመለየት የስክሪኑን ጠርዝ በጣት ቀስ ብለው ይጫኑት፤ መስመሩ ብቅ ካለ ችግሩ ላስቲኩ ነው።

ፈትተው ላስቲኩን በአልኮል በረጠበ ጨርቅ አንዴ ይጥረጉት፣ አይዘፍዝፉት። ቦርዱ ላይ የሚያርፍባቸውን የመዳብ ጥርሶች በነጭ ላጲስ ቀለል አድርገው ይፈትጉና ፍርፋሪውን ያራግፉ። ብርጭቆ ወረቀት አይነካቸውም። ከዚያ ላስቲኩን በጣት ሳይነኩ በወረንጦ መልሰው፣ ብሎኖቹን በሰያፍ ትይዩ ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ ያጥብቁ። አንዱን ወገን አስቀድመው ካጠበቁ የስክሪኑ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። ዝገት የሚያለቅቀውን ዘይታማ እስፕሬይ እዚህ አይጠቀሙ፤ ዘይቱ ላስቲኩና ጥርሱ መካከል ይቀራል።

ስባሪው የጎደለው ሳይሆን ስክሪኑ በሙሉ ጠቁሮ ቢሆን ኖሮ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ እንደሆነ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ይቀዝቅዝ እንልዎ ነበር። ከልክ በላይ የሞቀ ስክሪን ይጠቁራል፣ ሲበርድም ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ከታጠበ በኋላ ዳሽቦርዱ ጭራሽ አይበራም። ሞተሩ ግን ይነሳል፣ ፍሬቻውም ይሠራል። አዲስ ልግዛ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት አንድ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይያዙ። ፊውዙን ይዩ። ቀጥሎ ሶኬቱን ነቅለው እግሮቹ ላይ አረንጓዴ ወይም ውሃ እንዳለ ይፈትሹ፤ ግማሹ ችግር እዚህ ያልቃል። ኳድሮውን (የቁልፍ ማስገቢያውን) ከፍተው በሶኬቱ ላይ ኃይል በሚያመጣው ሽቦና በኔጌቲቩ መካከል ይለኩ፤ 12 ቮልት አካባቢ ማግኘት አለብዎት። ከሌለ ዳሽቦርዱ ንጹህ ነው፣ መስመሩን ይከተሉ። ካለ ቦርዱ ይከፈት። ብዙዎቹ ቦርዶች ላይ 12 ቮልቱን ወደ 5 የምትቀንስ ትንሽ ክፍል አለች። 12 ገብቶ 5 ካልወጣ ወይ እሷ ተቃጥላለች፣ ወይ ከፊቷ ያለው መስመር ሾርት ሆኗል። እሷን ቀይሮ መበየድ ካውያ ለያዘ የሞባይል ጠጋኝ ከባድ ሥራ አይደለም።

ሳይረሱ ደግሞ፣ ሞተሩን አስነስተው ጋዝ እየሰጡ ባትሪው ላይ ይለኩ። ጤነኛው ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ነው። ከ15 ካለፈ የቻርጁ ሬጉሌተር ተበላሽቷል፤ አዲስ ዳሽቦርድ ቢገዙም ያቃጥለዋል፣ ውሃውም ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል።

መቀየር ግድ ከሆነ፣ በዲጂታሉ ላይ የተጓዘው ኪሎ ሜትር የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ቦርዱ ላይ ባለች የማስታወሻ ቺፕ ውስጥ ስለሆነ አዲሱ የራሱን ቁጥር ይዞ ይመጣል። የቀድሞውን ቁጥር ከሰርቪስ መዝገብዎ ጋር ይጻፉት፤ የዘይት መቀየሪያ ጊዜ እንዳይምታታ፣ ሲሸጡም ገዢ እንዳይጠረጥር።

ጥያቄ፦ የኔ ዳሽቦርድ የፍጥነት ቆጣሪው ባለ ገመድ፣ ባለ መርፌ ነው። በዘነበና በታጠበ ቁጥር ያልበዋል፣ መርፌውም ይንቀጠቀጣል። (ከሞጣ)

መልስ፦ ገመዱን ይጠርጥሩ። ሽፋኑ ከተሰነጠቀ ውሃው በዚያ ይገባል። ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ይፍቱ፣ ውስጡን ስበው በጨርቅ ይጥረጉ፣ የተበጠሰ ክር ካለ ይቀይሩ። ግራሶ ሲቀቡ ስስ አድርገው፤ ከላይ ያለውን ጫፍ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ይተዉት፤ አለዚያ ግራሶው እየተሽከረከረ ቆጣሪው ውስጥ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ላቫጆ ነው የምሠራው። በየሳምንቱ አንድ ሰው ዳሽቦርዴን አበላሸህ ብሎ ይመጣል። የማጥበው እንደ ሁሉም ሰው ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በከፊል። ሞተሩን ከመንገድ እንደገባ፣ ሳይበርድ ነው የሚያጥቡት? ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ደጀን የደረሰ ሞተር ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው አየር ይሞቃል፣ ይሰፋል። ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲያርፍበት አየሩ ይኮማተርና በመተንፈሻዋና በማሸጊያው ስንጥቅ በኩል ውሃ ይምጋል። ቢያንስ 20 ደቂቃ ጥላ ውስጥ ይብረድ።

ሁለተኛው በግፊት ውሃ የሚረጨው ሽጉጥ ነው። የዳሽቦርድ ማሸጊያ የተሠራው ለዝናብ ነው፤ ዝናብ ከላይ ይወርዳል፣ የእርስዎ ውሃ ደግሞ ከታች ወደ ላይ፣ በጀርባ በኩል በግፊት ይመጣል። ከእጀታው በላይ ሽጉጥ አያንሱ፤ እዚያ ስፖንጅና ባልዲ ይበቃል። ዳሽቦርዱን፣ የእጀታውን ማብሪያዎችና ኳድሮውን በፌስታል ሸፍነው በላስቲክ ይሰሩ፣ ከታች በኩል ትንሽ ክፍት ይተዉለት። ሲጨርሱ ፌስታሉን ወዲያው ያንሱ። በኮምፕሬሰር ሲያደርቁም አየሩን የመስታወቱ ጠርዝ ላይ አይደግኑ፤ ውጪ የቀረውን ጠብታ ወደ ውስጥ ይነዳዋል።

ደንበኛው ሞተሩን ሲያስረክብ ደግሞ ቁልፉ ተከፍቶ ዳሽቦርዱ አብሮ ይታይ። ሲመጣ አልቦት የነበረው ስንቱ እንደሆነ ያኔ ያያሉ።