ጨርቅ ከመግዛታችሁ በፊት

ስፌት መማር የሚፈልጉ ወጣቶች ሱቄ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ስፌት መኪና ነው። የትኛው ይሻላል? ስንት ያወጣል? ቀጥለው ስለ ጨርቅ ይጠይቃሉ። የት ይረክሳል? ስንት ሜትር ይበቃል? "ጋሼ፣ መነሻ ገንዘብ ብቻ ባገኝ" የማይለኝ የለም። የእኔ መልስ አንድ ነው። ከጠረጴዛው ስር የቁርጥራጭ ጆንያውን ጎትቼ አወጣና "በዚህ ጀምር" እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ የናቅኩት መስሎት ይቀየማል። ይህን የምጽፈው በተለይ ለተቀየሙት ነው።

ሙያውን የተማርኩት መርካቶ፣ ዩኒፎርምና ሱሪ ከሚሰፋበት ቤት ነው። ኋላ አሜሪካ መጣሁ። ዋሽንግተን አካባቢ ልብስ ማስተካከያ ቤት አለኝ፤ እስከ ዛሬ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ወገብ አጠባለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። መርካቶ ቁራጭ ጨርቅ መሄጃ አያጣም ነበር። ፍራሽና ትራስ የሚሞላው ሰው ይወስደዋል፤ የተረፈውን የሰፈር ልጆች ኳስ ያደርጉታል። እዚህ የሚጠይቀው ሰው የለም። የሚገርመው ደግሞ የማስተካከያ ቤት ቁራጭ ጥራቱ ነው። የወንድ ሙሉ ልብስ ሱሪ ሲያጥር ከእያንዳንዱ እግር አንድ ቀለበት ይቆረጣል። ስፌቱን ተርትራችሁ ስትዘረጉት አራት ጣት ያህል ስፋት፣ ክንድ የሚጠጋ ርዝመት ያለው ንጹህ ሱፍ ነው። ጥቁር፣ ግራጫ፣ ቡናማ፣ አንዳንዴ ቀጭን መስመር ያለው። ሰው ብዙ ዶላር ያፈሰሰበት ጨርቅ በየቀኑ ቅርጫት ውስጥ ይገባል።

አውቃለሁ፣ ከቁራጭ ብርድ ልብስ እንስፋ ስላችሁ እናቶቻችሁ "ድሪቶ!" ነው የሚሉት። ድሪቶ ለእኛ የችግር ልብስ ነው፣ ወይም የባሕታዊ። ልጄ አሜሪካ ሄዶ ድሪቶ ይሰፋል ብሎ ለጎረቤት የሚያወራ ወላጅ የለም። እኔም የተጣፈ ሱሪ ለብሼ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ፤ ድህነትን ላቆነጅላችሁ አልፈልግም። ግን አላባማ ውስጥ የሆነውን ስሙኝ።

ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። የአላባማ ወንዝ ዞሯት ሦስት ጎኗን ከቧታል። የሚኖሩባት በባርነት ዘመን እዚያው የጥጥ እርሻ ላይ ይሰሩ የነበሩ ጥቁሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ዛሬም ፔትዌይ ነው ስማቸው፤ የባለ እርሻው ስም ነው። ሴቶቹ ያረጀ የስራ ልብስና የዱቄት ከረጢት እየቀደዱ፣ ፈረንጆቹ ኩዊልት የሚሉትን ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። ለጌጥ አይደለም። ቤቱ ብርድ ያስገባ ስለነበር ነው። በ1942 ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት ባሏ ሲሞትባት የስራ ልብሶቹን ሰብስባ አንድ ብርድ ልብስ አደረገቻቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ ነው።) በ1966 የአካባቢው ሴቶች ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የሚባል የህብረት ስራ ማህበር አቋቋሙ። በ1972 ደግሞ ሲርስ ለተባለው ትልቅ መደብር የትራስ ልብስ ኮርዶሮይ በሚባል መስመር መስመር ባለው ወፍራም ጨርቅ ለመስፋት ውል ያዙ። ከዚያ ስራ የተረፈው ኮርዶሮይ ወደየቤቱ ሄደና የዚያ ዘመን ብርድ ልብሶች ሁሉ ኮርዶሮይ በኮርዶሮይ ሆኑ። የፋብሪካ ትርፍራፊ አንድ የጥበብ ዘመን ፈጠረ ማለት ይቻላል።

እነዚህ ብርድ ልብሶች በ2002 ሂውስተን ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ ቀጥሎ ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ገቡ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አወጣባቸው። በ2004 ኤግዚቢሽኑ ዋሽንግተን፣ ኮርኮራን ጋለሪ መጥቶ ስለነበር ሄጄ አየሁት። ሌላው ሰው ራቅ ብሎ ቀለሙን ያደንቃል። እኔ የሰፊ አመል አለብኝ፤ ተጠግቼ ስፌቱን ነው የማየው። አንዱ ላይ የስራ ሱሪ ተተርትሮ ተዘርግቷል። ጸሐይና እጥበት ሰማያዊውን አመድማ አድርገውታል። መሃሉ ላይ ግን አራት ማዕዘን የሆነ ደማቅ ሰማያዊ አለ። ለካ የኋላ ኪሱ ተፈትቶ የተነሳበት ቦታ ነው። ኪሱ ጸሐይ ስለከለለው የጨርቁ የመጀመሪያ ቀለም እዚያ ላይ ቀርቷል። ሰፊዋ ብትፈልግ ቆርጣ ልትጥለው፣ ወይም ሌላ ቁራጭ ልትደርብበት ትችል ነበር። እሷ ግን መሃል ላይ አስቀመጠችው። ይህን ዓይን በገንዘብ አትገዙትም። የሚመጣው ጨርቅ መርጦ ከመግዛት ሳይሆን የተገኘውን ደጋግሞ ከማየት ነው።

ሌላው ምክንያቴ ቀለል ያለ ነው። በገንዘብ የተገዛ ጨርቅ ጀማሪን ያስፈራዋል። መቀሱን ይዞ ይቆማል። ይለካል፣ እንደገና ይለካል፣ ነገ እቆርጠዋለሁ ይላል። ጆንያ ውስጥ ያለው ግን ቢበላሽ ምን ይመጣል? እጅ ይፈታል። እጁ ያልተፈታ ሰው ደግሞ መቶ ቪዲዮ ቢያይ አይሰፋም።

እሺ፣ ጆንያውን ወሰዳችሁ እንበል። በቀለም አትለዩት። ጀማሪ ሁሉ ቀዩን ከቀይ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ መከመር ይቀናዋል። እናንተ በክብደት ለዩት። ሱፍ ከሱፍ፣ ጥጥ ከጥጥ፣ ጂንስ ለብቻው። ከባድ ሱፍና ስስ ሸሚዝ ጎን ለጎን ከተሰፉ ከባዱ ስሱን እየጎተተ ስፌቱ አጠገብ ይቀደዋል። የሚለጠጠውን ጨርቅ ከነጭራሹ አስወጡት፤ ሲሰፋ ይወላገዳል፣ ሲተኮስ ይረዝማል፣ ዕድሜ ይጨርሳል። ምንነቱ ካልታወቃችሁ አንድ ክር መዛችሁ በወረንጦ ያዙና ሳህን ላይ ክብሪት አስጠጉት። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ሲነኩት ብን ይላል። ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ይህን ማወቅ ለካውያችሁ ይጠቅማል፤ በጥጥ ሙቀት ፖሊስተር ላይ ያረፈ ካውያ ለማጽዳት ግማሽ ቀን ይወስዳል።

ጥጡን ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት፣ ይሰበሰባልና። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ካለ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሹት፤ ቀለም ከለቀቀ ተዉት። ሱፉን ማሽን ውስጥ እንዳትከቱት። እርጥብ ጨርቅ ደርባችሁ በእንፋሎት ተኩሱት፤ በቀጥታ ከተኮሳችሁት ያብለጨልጫል፣ ያ ብልጭታ ደግሞ አይለቅም።

አሁን ስፌቱ። አሮጌ አንሶላ ወይም አቡጀዲ ፈልጉና ጎኑ 10 ኢንች ተኩል በሆነ ካሬ ቆራርጡት። ይህ ከስር የሚቀር መደብ ነው። የመጀመሪያውን ረጅም ቁራጭ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ አስቀምጡት፣ ፊቱ ወደ ላይ። ሁለተኛውን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ በላዩ አስተኙት፣ ጠርዝ ከጠርዝ ይግጠም። ከጠርዙ ሩብ ኢንች ገባ ብላችሁ በሦስቱም ጨርቅ ላይ ስፉ። ከዚያ ሁለተኛውን ገልብጡና ተኩሱ። ሦስተኛውን በዚያው መንገድ። ጥግ እስኪሞላ በአንድ በኩል፣ ከዚያ በሌላው በኩል። ሲያልቅ ገልብጣችሁ መደቡን እየተከተላችሁ ዙሪያውን ከርክሙት። ቁራጮቹ ስፋታቸው አንድ አይሁን፤ አንዱ ሁለት ጣት፣ አንዱ አራት ጣት ቢሆን ያምራል። ድሮ አሜሪካኖቹ በችግራቸው ዘመን ለመደቡ ጋዜጣ ይጠቀሙ ነበር፤ ከሰፉ በኋላ ቀድደው ያወጡታል። እኔ ጨርቁን እመርጣለሁ፤ ሙቀትም ይጨምራል።

በዚህ እንድትጀምሩ የምለው መደብ ስላለው ነው። ስፌታችሁ ቢጣመምም ሲከረከም ካሬው ካሬ ይሆናል። ያለ መደብ ቁራጭ ከቁራጭ ስትገጣጥሙ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። ከሩብ ኢንቹ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ አብዝታችሁ ብትሰፉ እያንዳንዱ ስፌት ከሁለት ወገን ስለሚበላ ሁለት ሚሊ ሜትር ይጠፋል። ሰባት ቁራጭ ስድስት ስፌት አለው፤ አስራ ሁለት ሚሊ ሜትር። እንዲህ ያሉ ስድስት ካሬዎች በአንድ ረድፍ ሲገጥሙ ከሰባት ሴንቲ ሜትር በላይ ሄደ። የሚቀጥለው ረድፍ አይገጥምለትም። ሱሪም፣ ኮትም፣ የሙሽራ ቀሚስም ሲበላሽ የሚበላሸው በዚሁ ስሌት ነው። አንድ ተማሪ ይህን ቁራጭ ጨርቅ ላይ ከገባው በደንበኛ ልብስ ላይ አይማረውም። ለደንበኛውም ለእሱም ይሻላል።

ለአንድ ሰው አልጋ 48 ካሬ ያስፈልጋችኋል፣ ስድስት በስምንት። ተሰፍቶ ሲያልቅ 60 በ80 ኢንች ይሆናል። ካሬዎቹን ሳትገጣጥሙ መሬት ላይ ዘርጓቸው። ቁም ነገሩ ቀለሙ ሳይሆን ድምቀቱና ጥቁረቱ ነው፤ ጥቁሩ ሁሉ አንድ ጥግ ከተሰበሰበ ጉድጓድ ይመስላል። በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ጥቁርና ነጭ አድርጉት፣ ወዲያው ይታያችኋል። እኛ በድሮ ጊዜ ዓይናችንን ጨፈን አድርገን ነበር የምናየው፤ ስልኩ ይሻላል።

ሽሮ ሜዳ ያላችሁ፣ ወይም የሐበሻ ቀሚስ የምትሰፉ ልጆች የጥለት ቁራጭ እንደሚተርፋችሁ አውቃለሁ። አትጣሉት! ግን ሸማ ልል ስለሆነ ጠርዙ ይፈታል። ከጀርባው በካውያ የሚለጠፍ ስስ ገበር ለጥፉበት። ወፍራም ጥልፍ ያለውን በካሬው ውስጥ ሳይሆን በካሬና በካሬ መሃል እንደ መስመር አስገቡት። ሱፍ መሃል ቀይና ቢጫ ጥለት ገብቶ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አንዲት ልጅ ሰርታ አመጣችልኝ። ቀናሁ።

ጀርባውን ፍላኔል በሚባል ለስላሳ ጨርቅ ሸፍኑት። ከሱፍ ከሰራችሁ መሃሉ ላይ ጥጥ መሙላት አያስፈልግም፤ እንዲሁም ከባድ ነው። ከጥጥ ከሆነ ስስ ሙሌት አድርጉበት። ከዚያ ሦስቱን ንብርብር በወፍራም ክር በየአራት ኢንቹ እየወጋችሁ ቋጥሩት። ሁለት ጊዜ ቋጥሩ፣ ጫፉን ጣት ጥፍር ያህል አስቀሩ። በማሽን ጥልፍ ልስራበት የሚል ካለ ይሞክር፤ እኔ የቤት መኪና ላይ ይህን ሁሉ ጨርቅ ማዞር አያዋጣም ባይ ነኝ።

ስለ ዋጋ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሰርታችሁ መሸጣችሁ አይቀርም። ዋጋችሁን ከገበያው ብርድ ልብስ ዋጋ አትነሱ። እሱ በፋብሪካ በደቂቃ የሚወጣ ነው፤ ከእሱ ጋር ከተፎካከራችሁ ትከስራላችሁ። ስትሰሩ ሰዓታችሁን መዝግቡ። ያን ሰዓት ሱሪ ብታሳጥሩበት ስንት ታገኙ ነበር? ዋጋው ከዚያ ይጀምራል። "ጨርቁ በነጻ ነው አይደል?" የሚል ደንበኛ ይመጣል። ጨርቁ በነጻ ነው፣ እጄ ግን በነጻ አይደለም በሉት። በዚህ አትፈሩ፤ የማይገዛ ይሂድ። ጂስ ቤንድም ቢሆን ሁሉም ነገር ሙዚየምና ጭብጨባ አልነበረም። በ2007 ከሰፊዎቹ የተወሰኑት የሚገባንን አላገኘንም ብለው ፍርድ ቤት ሄደዋል፤ ክሱ የተዘጋው በ2008 ነው። ስለዚህ ስራችሁን ፎቶ የሚያነሳ፣ ዲዛይኑን ሌላ ቦታ የሚጠቀም ሰው ሲመጣ መጀመሪያ በጽሑፍ ተስማሙ። ዘመድም ቢሆን።

ስማችሁንም ጻፉበት። ስንት አሮጌ ብርድ ልብስ ነው ማን እንደሰፋው ሳይታወቅ እጅ በእጅ ሲዞር የቀረው! ጠርዙን ከመዝጋታችሁ በፊት፣ ጀርባው ጥግ ላይ፣ ስማችሁን፣ ከተማችሁንና ዓመቱን ስፉ። በእስክሪብቶ እንዳይሆን፣ እጥበት ይወስደዋል። በክር ይሁን። ዓመቱ የእኛ ይሁን የፈረንጅ ግን አብራችሁ ስፉበት፤ አለዚያ አንድ ቀን የልጅ ልጆቻችሁ ሰባት ስምንት ዓመት ፍለጋ ይጨቃጨቃሉ።