የሚያየንን እኛስ እናየዋለን?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? መሐል ሜዳ የምኖር ተማሪ ነኝ። ጓደኛዬ መንግሥት ሰውን ሁሉ ስለሚሰልልበት ሀገር የሚተርከውን የጆርጅ ኦርዌልን ልቦለድ ‹1984› አውሳኝ አነበብኩት። በዚያው ሰሞን ለዲጂታል መታወቂያው ለፋይዳ ተመዘገብኩ። የአሥር ጣቶቼን አሻራ ሰጠሁ፤ ፊቴንና ዓይኔንም አነሱኝ። ወንድሜ ‹በቃ፣ መጽሐፉ ውስጥ ገባሽ› አለኝ። አያቴ ይህን ሰምታ አልመዘገብም ብላለች። እውነት መጽሐፉ ውስጥ ነን?»

መልስ፦ ልጄ፣ የወንድምሽ ስጋት ከንቱ አይደለም። ግን ዓይኑን የጣለው ካሜራው ላይ ነው። ለእኔ የመጽሐፉ ክፋት ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ኦርዌል መጽሐፉን ያሳተመው በ1941 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሞባይል የለም፣ ኢንተርኔት የለም። የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ዊንስተን ቤት የተሰቀለው ስክሪን ያያል፣ ይሰማል። ሊያጠፋው አይችልም። መቼ እንደሚያዩትም አያውቅም። ጎረቤቱን ፓርሰንስን ደግሞ አስታውሺ። እሱን ያስያዘው ስክሪኑ አልነበረም። በእንቅልፍ ልቡ ሲናገር የገዛ ሴት ልጁ በቁልፍ ቀዳዳ ሰምታ ነው የጠቆመችው። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ቁጭ ማለቴ ትዝ ይለኛል።

እኛ ይህንን ያለ ስክሪን አይተነዋል። በደርግ ጊዜ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ማታ ሬዲዮ ሲከፍት እኔን ደጅ ያስቀምጠኝ ነበር። ሰው ከመጣ እንድስል። በኋላ መምህር ስሆን ደግሞ ሰውን በትንንሽ ቡድን የሚያደራጀው አንድ ለአምስት መጣ። ዓላማው የትምህርት ጥራት ነው ተባለ፤ ብዙ ጊዜም የምናወራው ስለ ትምህርት ነበር። ግን የቡድኑ መሪ፣ ጠርናፊው፣ ደብተሩን ሲያወጣ የሻይ ላይ ወሬያችን ቀጥ ይል ነበር። የጻፈው የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያነበው የነገረን የለም። ዊንስተንን በደንብ የገባኝ ያኔ ነው።

ደራሲው በዓሉ ግርማ ደርግን የተቸበትን ልቦለድ «ኦሮማይ»ን ያሳተመው በ1975 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ። እሱም በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በፈረንጆቹ ሲቆጠር ዘመኑ 1984 ነበር። ያንን ቁጥር ሽፋን ላይ ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ በዓሉ ነው።

ያ ሁሉ በሰው ጆሮ የተሠራ ነው። አሁን ሥራውን ማሽን ይዞታል። በ2005 ዓ.ም. ለአሜሪካ የስለላ ተቋም ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን የአሜሪካ መንግሥት የሚሊዮኖችን የስልክ መዝገብ እንደሚሰበስብ አጋለጠ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ካናዳ ቶሮንቶ ያለው የዲጂታል ስለላን የሚመረምር ሲቲዝን ላብ የተባለ ተቋም፣ ውጭ ሀገር በሚሠሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ላይ የስለላ ሶፍትዌር መሞከሩን ይፋ አደረገ። ስለዚህ ወንድምሽን «ሞኝ ነህ» አልለውም።

አንድ ነገር ግን ኦርዌል አላሰበውም። በመጽሐፉ ያለው መንግሥት የተራ የፓርቲ አባላት ስክሪን እንዲጠፋ አይፈልግም። እኛ አማራ ክልል ያለን ግን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦብን ወራት ተቀመጥን። ልጇ አረብ ሀገር ላለች እናት ይህ ምን ማለት እንደነበር አንቺ ለእኔ ትነግሪኛለሽ።

ወደ ፋይዳ ልምጣ። ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ነው። መታወቂያ ኖሯት የማታውቅ የገጠር እናት በስሟ ሒሳብ ስትከፍት ደስ ይለኛል፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ሥራው የሚመራበት አዋጅ ቁጥር 1284/2015 አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። መረጃሽን የያዘ አካል ምን እንደያዘ የመጠየቅ፣ የተሳሳተውን የማሳረም መብት ይሰጥሻል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26ም የግል ሕይወትሽን፣ የስልክና የደብዳቤ ግንኙነትሽን ይጠብቃል። በዊንስተን ሀገር ግን ሕግ ራሱ የለም። ማስታወሻ መያዝ እንኳ በሕግ አልተከለከለም፤ የሚያስገድል ግን ነው።

ስለዚህ መረጃሽን የሚጠይቅሽን ሁሉ፣ ባንክም ይሁን መሥሪያ ቤት፣ በትህትና ጠይቂው። ለምን ይፈለጋል? ሌላ ማን ያየዋል? ከተሳሳተ የት ነው የማመለክተው? በወጉ መልስ ከሰጡሽ መጽሐፉ ውስጥ አይደለሽም። መጠየቅሽ ራሱ እንደ ጥፋት ከተቆጠረ ግን ወንድምሽ ልክ ነው።

አያትሽን አትጫኛቸው። ዓይን ሲነሱ እንደማያም ንገሪያቸው፤ ቁጥሩ ለምን እንደሚፈለግ አስረጃቸው። እሳቸው ይወስኑ።

ጥያቄ፦ «ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ። የስልኬን ሎኬሽን ካጠፋሁ የት እንዳለሁ የሚያውቅ የለም ማለት ነው?»

መልስ፦ አይደለም፣ ወንድሜ። ሎኬሽን ሲያጠፉ በዋናነት የሚከለከሉት አፖቹ ናቸው። ሲም ካርዱ እስከሠራ ድረስ ስልክዎ ከታወር ጋር ይገናኛል፤ የስልክ አገልግሎት ድርጅቱም በየትኛው አካባቢ እንዳሉ በግምት ያውቃል። ታወር በበዛበት ከተማ ግምቱ ይጠጋል፣ ገጠር ላይ ይሰፋል። ስለ መልእክትም ካነሣን፣ የቴሌግራም ተራ ቻት ቴሌግራም ራሱ ሊከፍተው በሚችል መንገድ ነው የሚቀመጠው። ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው «ሲክሬት ቻት» የሚለው ብቻ ነው። ዋትሳፕ ላይ ግን የሁለት ሰው ቻት ከመጀመሪያውም የተቆለፈ ነው። አሁኑኑ ሴቲንግ ገብተው ሎኬሽን የፈቀዱላቸውን አፖች ይዩ። የባትሪ መብራት አፕ ያሉበትን ቦታ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም፤ ይከልክሉት።